የድብቆዋ አዝማች ጥሩሐረግ

በ1988 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አለቃዬ አቶ ምንዋጋው አስጠሩኝና አንድ ደብዳቤ ሰጡኝ። ሰቆጣ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከተቀጠርኩ ገና ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። ደብዳቤው በደሃና ወረዳ፣ ድብቆ በምትባል መንደር እየተሠራ ያለው አዲስ ትምህርት ቤት በአርበኛው በግራዝማች ደረሰ ስም እንዲጠራ ተወስኗል ይላል። የእኔ ሥራ ድብቆ ድረስ ሄጄ ቤተሰቡን መጋበዝና ለምረቃው ቀን የሚነበብ የሁለት ገጽ ታሪክ ማዘጋጀት ነበር።

"ባለቤታቸው በሕይወት አሉ ይባላል" አሉኝ አቶ ምንዋጋው። "ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ብዙም ላያስታውሱ ይችላሉ። አንተ ብቻ በትሕትና ጠይቃቸው። ፎቶግራፍ ካገኘህ ይዘህ ና።"

እስከ አምደ ወርቅ የእርዳታ እህል በጫነ መኪና ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። አንድ ቀን ሙሉ ገደል ወርጄ ገደል ወጥቼ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ድብቆ ስደርስ ሰው ሁሉ አንድ የድንጋይ ካብ ሥር ተሰብስቦ አገኘሁ። ሁለት ገበሬዎች በግጦሽ ወሰን ተጣልተው ይከራከራሉ። ካቡ ላይ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡት ቀጭን አሮጊት ሁለቱንም እስከ መጨረሻ አዳመጡ። ከዚያ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ሦስት አጫጭር ነገር ተናገሩ። እናቴ ያስተማረችኝን ያህል ስለምሰማ ገባኝ። በሬ የያዘው ጠዋት ያሰማራ፣ ላም የያዘው ከሰዓት ያሰማራ፤ ዝናብ ሲመጣ ሁለታችሁም ውጡ፤ አሁን ተሳሳሙ። እነሱም ተሳሳሙ።

እሜቴ ጥሩሐረግ እሳቸው ነበሩ። የግራዝማች ደረሰ ሚስት።

"አንተ የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ፣ ወደ አማርኛ መለስ ብለው።

አባቴንም አያቴንም ነገርኳቸው። ከዚያ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ስሙ ተናገርኩ።

"ደረሰን በስንት ገጽ ልትጽፈው ነው?"

"በሁለት፣ እሜቴ።"

"ይበዛበታል" አሉ። "ደረሰ የሞተው በመጀመሪያው ውጊያ፣ ፀሐይ ሳትሞቅ ነው።"

አጠገባቸው የቆሙት አንድ ሽማግሌ ፈገግ አሉ። አያ ሙሉሰው ይባላሉ። በዚያ ውጊያ የነበሩ የአሥራ ስምንት ዓመት ተኳሽ ነበሩ፤ እኔ ስደርስ ከእሜቴ ሌላ ድብቆ ውስጥ የቀሩት ብቸኛ አርበኛ እሳቸው ናቸው። "ተቀመጥ ልጄ" አሉኝ። "ሁለት ገጽህን አስቀምጥና ስማ።"

ሦስት ቀን ሰማሁ።

በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ከድብቆ በላይ ባለው አምባ ላይ ምሽግ ሠራ። ደረሰ አካባቢውን አስነስቶ፣ ስልሳ ያህል ሰው ይዞ፣ ምሽጉን ጎህ ሲቀድ ገጠመው። መትረየሱ አፍታም አልሰጣቸውም። ደረሰ ከአሥራ ዘጠኝ ሰው ጋር ወደቀ። የቀሩት አርባ አንድ ሰዎች ሸሽተው ገደሉ ውስጥ ተጠለሉ። ጥሩሐረግ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ናቸው። ለተዋጊው ስንቅ ጭነው ይመጡ ነበርና መንገድ ላይ መርዶው ደረሳቸው።

"እኔ ገደሉ ውስጥ ነበርኩ" አሉ አያ ሙሉሰው። "እያንዳንዳችን ወዴት እንደምንበተን እያሰብን ነው። አንዱ ወደ ጽጽቃ፣ አንዱ ወደ ቆላ፣ አንዱ ገብቶ እጁን ሊሰጥ። እሳቸው መጡ። ታለቅሳለች ብለን ጠበቅን። ስንቁን አወረዱና 'መጀመሪያ ብሉ' አሉን። በላን። ከዚያ 'ደረሰን እኔ እቀብረዋለሁ። እናንተ ነገ የት ነው የምትውሉት?' አሉ። የሚመልስ ጠፋ። 'እንግዲያው እኔ የምላችሁ ቦታ ዋሉ' አሉን። ይኸው ነው። ሌላ ሹመት የለም።"

"ለምን እሺ አሏቸው?" ብዬ ጠየቅኩ።

አያ ሙሉሰው መለሱልኝ። "ነገን የጠየቀን ሌላ ሰው ስላልነበረ።"

እሜቴ ታሪኩን ከአያ ሙሉሰው ተቀብለው ቀጠሉ። ባላቸውን ቀብረው በሳምንቱ ምሽጉን ከሩቅ ሲመለከቱ ዋሉ። ሰው ሁሉ ጠመንጃውን ይቆጥራል፤ እሳቸው ግን ወደ ምሽጉ የሚወጣውንና የሚወርደውን ያዩ ነበር። ዱቄቱም፣ ውኃውም፣ ጥይቱም የሚወጣው በአህያ ነው። አህያውን የሚያመጣው ደግሞ ገበሬው፣ ተገዶ ነው።

"መትረየስ አለው፤ መትረየስ ግን ውኃ አይቀዳም" አሉኝ። "ስለዚህ አህያ እናጥፋ አልኩ። ሳቁብኝ። ይሄ ሳይቀር።" አያ ሙሉሰውን በአገጫቸው አመለከቱ።

"ስቄአለሁ" አሉ አያ ሙሉሰው።

ጣሊያን አስተርጓሚ ነበረው፤ ሰውዬው ከሩቅ አገር የመጣ ስለሆነ ከጣሊያንኛ ሌላ የሚያውቀው አማርኛ ብቻ ነው። የሦስት አጥቢያ ካህናት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ በኽምጣና አዋጅ ተናገሩ፤ አስተርጓሚው ከደጀ ሰላም ቆሞ ስብከት መሰለው። በስምንት ቀን ውስጥ ከሦስቱም አጥቢያ አህያ፣ በቅሎም፣ በየቀጭኑ መንገድ ወደ ተከዜ በረሃ ወረደ። በዘጠነኛው ቀን የጣሊያን ወታደር አህያ ሊይዝ መንደር ቢወጣ በየበረቱ ያገኘው ፍግ ብቻ ነበር። ገበሬዎችን ገረፉ። ሁለት ሰው ሰቀሉ። ጥሩሐረግ የሁለቱንም ሰዎች ስም ነገሩኝና እንድጽፍ አዘዙኝ፤ ወልደ ጻድቅና አሥራተ ማርያም። "እነዚህን ሳትጽፍ እኔን እንዳትጽፈኝ" አሉኝ።

ምሽጉ ሁለት ወር ተኩል ቆየ። የራሱን የጭነት በቅሎ በላ። ከዚያ አንድ ጠዋት ለቆ ሲወርድ፣ አርባ አንዱ ሰዎች ጠባቡ መተላለፊያ ላይ ጠበቁት። ሁለት መትረየስ ማረኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ፣ ለአራት ዓመት፣ የአዝማች ጥሩሐረግ ጦር ከአርባ አንድ ወደ አራት መቶ አደገ። ጣሊያን ምሽጉ ላይ ተመልሶ አልሰፈረም።

"ታዲያ መዝገቡ ላይ ለምን ግራዝማች ደረሰ ብቻ ተጻፉ?" አልኩ።

"ነጻነት ሲመለስ አርበኛ ሁሉ ይመዝገብ ተባለ። አራት ቀን ሄጄ ተሰለፍኩ። ጸሐፊው 'አንቺ ምን ሠራሽ?' አለኝ። አህያ አሸሸሁ አልኩት። ሳቀና ጓደኞቹን ጠራ። ከዚያ 'ባልሽ ማን ነበር?' አለኝ። ነገርኩት። የደረሰን ስም ጻፈ፤ ግራዝማች ብሎ ሾመው፤ ሜዳሊያውን ለእኔ ሰጠኝ። ለደረሰ እናት ወስጄ ሰጠኋት። ልጇን ያጣችው እሷ ነበረች።"

ይህን ሲሉ ድምጻቸው ላይ ቂም አልነበረም። እኔ ግን ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

ሰቆጣ እንደተመለስኩ ለአቶ ምንዋጋው ሁሉንም ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን የተወሰነ ነገር ሲነካ አይወዱም። "ስማ ዘመነ፣ ምክር ቤቱ ወስኗል። ታፔላው ተሠርቶ መጋዘን ገብቷል። እንግዶች ተጠርተዋል። መዝገቡም ደረሰ ይላል። አንተ የያዝከው የሁለት ሽማግሌዎች ወሬ ነው" አሉኝ።

"ሁለቱም እዚያው ነበሩ እኮ።"

"መዝገብ መዝገብ ነው" አሉና ደብዳቤያቸውን ወደ መፈረም ተመለሱ።

ለእሜቴ መናገር አፈርኩ። ዝም ማለት ግን ባሰብኝ። ለድብቆ ማርያም ቄስ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ስሙ እንደማይለወጥ፣ እኔም እንዳዘንኩ፣ እንዲነግሩልኝ። መልስ አልጠበቅኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ የቢሮው ዘበኛ እየሮጠ መጣ። "አንዲት እመቤት በቅሎ ላይ ሆነው አለቃህን ጥራ ይሉኛል" አለ። እሜቴ ጥሩሐረግ ከአያ ሙሉሰው ጋር ሦስት ቀን ተጉዘው ሰቆጣ ገብተዋል። ልብሳቸው ላይ አቧራ የለም፤ ከከተማው ዳር ወርደው ቀይረው ነው የገቡት።

አቶ ምንዋጋው ተነሥተው ወንበር ሰጧቸው። ይቅርታ ሊጠይቁ ሲጀምሩ እሜቴ እጃቸውን አነሡ።

"ስሙን ተወው፣ ልጄ። ደረሰ ጥሩ ሰው ነበር፤ አንድ ትምህርት ቤት አይበዛበትም። እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው።"

"ምን ልታዘዝ፣ እናቴ?"

"ትምህርት ቤቱን አየሁት። አራት ክፍል አለው፤ ደኅና ነው። ግን ማን ይማርበታል? የድብቆ ወንዶች ልጆች። ከገደሉ ማዶ ያሉት መንደሮች ሦስት ሰዓት በእግር ናቸው። ወንዱ ይሄዳል። ሴቷን ማን ይሰዳል? አባቷ መንገድ ላይ ትጠለፍብኛለች ብሎ ይፈራል፤ ፈርቶም በአሥራ ሁለት ዓመቷ ይድራታል። ሴቶቹ ልጆች የሚያድሩበት ቤት እፈልጋለሁ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ።"

"በጀት የለም፣ እናቴ። ለዘንድሮ የተያዘው አልቋል።"

"በጀት አልጠየቅኩህም። ድንጋዩን እኛ፣ ጭቃውን እኛ፣ እንጨቱን እኛ። ቆርቆሮና ሚስማር ስጠኝ።"

አቶ ምንዋጋው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሱም ቢሆን አስቸጋሪ ነው።"

እሜቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እንግዲህ ተመልከት። በምረቃው ቀን ከትልልቆቹ እንግዶች ፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ የግራዝማቹ ሚስት ስለሆንኩ። ተናገሪ ይሉኛል። ስለ ደረሰ ብቻ እንድናገር ከፈለግክ፣ ስለ ደረሰ ብቻ እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ማን እንደ መራ እንድናገር ከፈለግክ ደግሞ፣ እሱንም በደንብ እችላለሁ። ሙሉሰውም ይመሰክራል።"

አያ ሙሉሰው በሩ ሥር ቆመው "እመሰክራለሁ" አሉ።

ከዚያ አቶ ምንዋጋው ሳቁ፤ የተሸነፈ ሰው ሳቅ ነው፣ ግን ከልብ ነበር። ወረቀት ስበው ጻፉ። እሜቴ ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱን ለእኔ ሰጥተው ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። "ማኅተሙስ?" አሉ። ማኅተሙ ተመታ።

ምረቃው የካቲት ላይ ተደረገ። እሜቴ ቃላቸውን ጠበቁ። ስለ ደረሰ ተናገሩ፤ አካሄዱ ፈጣን እንደ ነበር፣ ዜማ እንደሚችል፣ ለሰው ፊት እንደማያዳላ። አጨበጨብን። እኔ የጻፍኩት ሁለት ገጽ ሲነበብ የሁለቱን የተሰቀሉ ሰዎች ስም አስገብቼ ነበር፤ ያን ያህል ብቻ ነው የደፈርኩት።

የድብቆ ሰው በማግስቱ ድንጋይ መካብ ጀመረ። በሚያዝያ ግድግዳው ቆመ። ቆርቆሮው ግን አልመጣም። የመጋዘኑ ሰው "ነገ" ይላል፤ ነገ ሲሄዱ "ቁልፉ የለም" ይላል፤ ቁልፉ ሲገኝ "መኪና የለም" ይላል። እኔም በየቀኑ እየሄድኩ እለምነው ነበር። ሰኔ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው የጭቃው ግድግዳ ዝናብ እንዳይመታው ድብቆ ውስጥ ሰው ሁሉ የቤቱን ሣር ነቅሎ እንደሚያለብስ ሰማሁ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ የመሥሪያ ቤቱ ግቢ በአህያ ተሞልቷል። ሠላሳ ያህል ይሆናሉ፤ ኮርቻቸው ተጭኖ፣ ገመዳቸው ተዘጋጅቶ። አያ ሙሉሰው በሩ ላይ ምርኩዛቸውን ተክለው ተቀምጠዋል።

"እሜቴ መኪና የለም መባሉን ሰሙ" አሉኝ። "ስለዚህ መጓጓዣ ላኩ። እስክንጭን ድረስ እዚሁ ነን።"

አህዮቹ የአትክልቱን አበባ መብላት ጀምረዋል። አንዱ ደረጃው ላይ ወጥቶ በአቶ ምንዋጋው መስኮት በኩል ያናፋል። መኪና ሊገባ አልቻለም፤ ሰው በጎን ይሾልካል። አቶ ምንዋጋው መስኮቱን ከፍተው አዩ፤ እኔንም አዩኝ፤ ከዚያ ራሳቸው ወርደው የመጋዘኑን ሰው ከነቁልፉ ይዘውት መጡ። እስከ ምሳ ሰዓት ቆርቆሮው ለሁለት ለሁለት ታጥፎ፣ ሚስማሩ በከረጢት ሆኖ ተጫነ። የመጨረሻው አህያ ከግቢ ሲወጣ ሠራተኛው ሁሉ በረንዳ ላይ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።

ቤቱ በክረምቱ ተከደነ። መስከረም ላይ አሥራ ሰባት ሴቶች ልጆች ገቡ። አባቶች ሲጠራጠሩ እሜቴ የራሳቸውን ቁርበትና ጋቢ አሸክመው ሄዱና በሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ገቡ። "ማን ይጠብቃቸዋል ላላችሁት፣ እኔ" አሉ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ልጆቹ ማታ ሲያጠኑ እሳቸውም ፊደል ይሰሙ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ስማቸውን መጻፍ ቻሉ፤ ከዚያ ዓይናቸው ስለደከመ ተዉት።

ከአሥራ ሰባቱ አንዷ እየሩስ ነበረች፤ የአያ ሙሉሰው የልጅ ልጅ። አባቷ ሞቶ አያቷ ናቸው ያሳደጓት። ከሁሉ ፈጣን ተማሪ እሷ ነበረች፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ትምህርት በአንድ ዓመት ጨረሰች። በ1990 ጥር፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት፣ አያ ሙሉሰው ለማዶ ሰው ሊድሯት ቃል ሰጡ። እኔ ያን ሰሞን የጀመርኩትን የእሜቴን ሙሉ ታሪክ ለመጻፍ ድብቆ ነበርኩ፤ ስለዚህ የሆነውን በዓይኔ አየሁ።

አያ ሙሉሰው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥተው የሴቶቹ ቤት በር ላይ ቆሙ። "እሜቴ፣ ልጄን ልወስድ መጥቻለሁ" አሉ።

"አትወስዳትም" አሉ እሜቴ፣ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ።

"ቃል ሰጥቻለሁ።"

"የእሷን ቃል ማን ጠየቀ?"

አያ ሙሉሰው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። ከዚያን ቀን በፊት ድምጻቸውን ከፍ አድርገው ሰምቻቸው አላውቅም። "ስልሳ ዓመት ታዘዝኩዎት! ገደል ግባ ሲሉኝ ገባሁ፤ ሰቆጣ ሂድ ሲሉኝ ሄድኩ። በጦርነቱ አዘዙኝ። በቤቴ ግን አያዙኝም!"

እሜቴ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ወደ አያ ሙሉሰው ቀረቡ፤ ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እውነትህን ነው። በቤትህ አላዝህም። እለምንሃለሁ። እኔ ለደረሰ ስሰጥ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በቅሎ ላይ አስረው ነው የወሰዱኝ፤ እንዳልወርድ። ደረሰ ጥሩ ሰው ሆኖ ተገኘ። ትደግልኝ ብሎ አራት ዓመት እንደ እህቱ አኖረኝ። ጥሩ ሰው መሆኑን ግን አባቴ አላወቀም ነበር፣ ሙሉሰው። ዕድል ነው። አንተ የማዶውን ሰውዬ ታውቀዋለህ?"

እየሩስ ከውስጥ ወጥታ ከእሜቴ ኋላ ቆማ ነበር። አያቷ አዩዋት። ዓይኗን አልሰበረችም።

"አባባ፣ አልፈልግም" አለች።

ሽማግሌው ዞረው ሄዱ። በማግስቱ ብቻቸውን ወደ ማዶ ተሻግረው ቃላቸውን መለሱ። እዚያ ምን እንደ ተባሉ ለማንም አልተናገሩም፤ ግን ከዚያ በኋላ በዚያ መንደር ለሠርግም ለለቅሶም አይጠሩም ነበር። ለእሜቴም ቀላል አልሆነላቸውም። አያ ሙሉሰው አንድ ዓመት ሙሉ አላነጋገሯቸውም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ፤ እሳቸው በወንዶች በር፣ እሜቴ በሴቶች በር ይገባሉ፤ ሲወጡ ሰላምታ የለም። እሜቴ አንድ ቀን "ከጣሊያን ጋር ከተዋጋሁበት ይሄ ዓመት ይከብዳል" አሉኝ።

በሚቀጥለው ዓመት በጥር ማርያም ቀን፣ አያ ሙሉሰው ከቅዳሴ መልስ ወደ ሴቶቹ ቤት መጡ። አንድ ማሰሮ ማር ይዘዋል። "ለልጆቹ ነው" አሉ። እሜቴ "ለእኔስ?" አሉ። "ለእርስዎም ይደርሳል" አሉ። ከዚያ ካቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እስከ ማታ ሲያወሩ ዋሉ። እኔ አልነበርኩም፤ እየሩስ ናት የነገረችኝ።

እሜቴ ጥሩሐረግ በ1996 ዓ.ም. ጥር ወር፣ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። አምስት ቀን ብቻ ነው የታመሙት። ሥርዓተ ቀብራቸው ላይ ከሦስቱም አጥቢያ ሰው መጣ። ከሰቆጣም ጡረታ የወጡት አቶ ምንዋጋው ሳይቀሩ በበቅሎ መጡ። በሴቶቹ ቤት ያኔ ስልሳ አንድ ልጆች ነበሩ፤ ጎኑ ላይ ሌላ ክፍል ተጨምሮበት። ሣጥኑን የተሸከሙት በየተራ ነው፤ ማን ይቅደም በሚል ትንሽ ግፊያ ሆኖ ቄሱ ተቆጡ።

እኔ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለቱን ገጽ መቶ አሥራ አራት ገጽ አድርሼው ነበር። ለሙት ዓመታቸው ጽፌ ጨርሼ ይዤ ሄድኩ። መታተም አለመታተሙን አላውቅም፤ መጀመሪያ ግን ድብቆ መስማት አለበት ብዬ አሰብኩ። ከተዝካሩ ግብዣ በኋላ ሰው ሁሉ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተቀመጠ። እኔ በአማርኛ አነባለሁ፤ እየሩስ አጠገቤ ቆማ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ወደ ኽምጣና ትመልሳለች። ያኔ የመምህራን ማሠልጠኛ ልትጨርስ ወራት ቀርተዋታል። ድምጿ ከእኔ ይሰማል።

አንብበን አልጨረስንም፤ ሰው አላስነበበንም። በየገጹ አንድ ሰው ይነሣል። "ያ መንገድ በዚህ ነው እንጂ በዚያ አይደለም።" "አህያዎቹን ያሻገረው የእኔ አባት ነው፣ ስሙን አስገባ።" ወለተሥላሴ የተባሉ አንዲት እናት ተነሥተው፣ ከሁለቱ የተሰቀሉት ሰዎች አንዱ፣ አሥራተ ማርያም፣ አባታቸው እንደሆኑ፣ በምረቃው ቀን ስላልነበሩም የአባታቸው ስም ሲነበብ ሲሰሙ በሕይወታቸው የመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን ተናገሩ። እኔ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ፤ ደግሜ ጻፍኩ። ፀሐይ ወደ ተከዜ ማዘንበል ስትጀምር ጣሊያን ከምሽጉ ሲወርድ የተደረገው ውጊያ ላይ ደረስን። "አዝማች ጥሩሐረግ ሞትን የማይፈሩ ነበሩ" የሚለውን አነበብኩ።

አያ ሙሉሰው እጃቸውን አነሡ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ መስማት ቢደክማቸውም እየሩስ ስትናገር ይሰማሉ።

"እሱን አጥፋው" አሉ።

"የቱን፣ አያ?"

"የማይፈሩ ያልከውን። ውሸት ነው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ከውጊያ በፊት ሁልጊዜ ወደ ቁጥቋጦ ገብተው ያስመልሳቸው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቀር። ከዚያ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ይወጡና 'በሉ እንሂድ' ይሉናል። እኛም እንሄዳለን።"

እኔ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ አያ ሙሉሰውን አየሁ። ይህን ነገር እሜቴ በሕይወት ሳሉ ለማንም እንዳልተናገሩ ገባኝ።

"ቢጻፍ ክብራቸው አይነካም?" አልኩ።

"ክብራቸው?" አሉ አያ ሙሉሰው። ትከሻቸውን ቀና አደረጉ። "የማይፈራ ሰውማ ብዙ አይቻለሁ፤ ግማሹ በመጀመሪያው ቀን አለቀ። እየፈራች አራት ዓመት የመራችን አንዷ ናት። ጻፈው።"

መስመሩን ሰርዤ እሳቸው እንዳሉት ጻፍኩ። እየሩስ ከትከሻዬ በላይ አይታ በኽምጣና ጮክ ብላ አነበበችው። ፊት ለፊት መሬት ላይ የተቀመጡት ሴቶች ልጆች እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ ሳቅ አለች፤ ሌላዋ ክርኗን ገፋቻት።

"አሁን ልክ ነው" አሉ አያ ሙሉሰው። "ቀጥል፤ ገና ብዙ ይቀራል።"